ኤራቶስቴኔስ

ኤራቶስቴኔስ (276 – 194 ዓክልበ. ግድም) በሰሜን አፍሪቃ በቀሬና ከተማ የተወለደ ግሪካዊ የሒሳብ፣ የሥነ ፈለክና የመልክዐ ምድር ሊቅ፣ ባለቅኔና የቋንቋ ተመራማሪ ነበር። በእስክንድርያ የነበረውን ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን መርቷል። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የቀትር ጥላን ማዕዘንና የሁለት ከተሞችን ርቀት ይዞ የምድርን ዙሪያ በመለካቱ ነው።

የጻፋቸው መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ስለ ሥራው የሚታወቀው ሌሎች ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ከጻፉት ነው። ሆኖም የአለካኩ ዘዴ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ደልዳላ መሬትና ጥርት ያለ ቀትር ካለ በማንም እጅ ሊደገም ስለሚችል፣ ዛሬም በብዙ አገሮች ልጆች የጥንቱን ሳይንስ በተግባር የሚማሩበት ዋነኛ ምሳሌ ሆኗል። በኢትዮጵያ ለዚህ እጅግ ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ ነገሌ ቦረናና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ቆላ ነው። ይህ አካባቢ ኤራቶስቴኔስ ራሱ በሠራው ካርታ ላይ ሰው ከሚኖርበት ዓለም ጠርዝ በስተደቡብ የሚውል ምድር ነበር።

የትውልድ ስፍራውና ትምህርቱ

ቀሬና ዛሬ በሊቢያ ሻሓት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ፍርስራሿ የሚታይ ጥንታዊ ከተማ ናት። የአማርኛ አንባቢዎች ስሟን የሚያውቁት የጌታን መስቀል እንዲሸከም ከተደረገው ከቀሬናው ስምዖን ታሪክ ነው። ከተማዋን የቆረቆሩት በ7ኛው መቶ ዘመን ዓክልበ. ከባሕር ማዶ የመጡ ግሪኮች ሲሆኑ፣ በእህል፣ በፈረስና በመድኃኒት ተክል ንግድ የበለጸገች ነበረች። የኤራቶስቴኔስ አባት አግላዎስ ይባል ነበር።

በትውልድ ከተማው የሰዋስው መምህር ከነበረው ከሊሳንያስ ተማረ። ባለቅኔው ካሊማኮስም የቀሬና ተወላጅ ሲሆን፣ ከኤራቶስቴኔስ መምህራን አንዱ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ ወደ አቴና ተሻግሮ ብዙ ዓመታት አሳለፈ። እዚያም የስቶይኮችን ትምህርት ከኪዮሱ ከአሪስቶን፣ የአፍላጦንን ትምህርት ቤት ትምህርት ደግሞ በጊዜው የትምህርት ቤቱ መሪ ከነበረው ከአርኬሲላዎስ ሰማ። በዚያ ዘመን አንድ ተማሪ አንድ መምህር ይዞ የዚያው ደቀ መዝሙር ሆኖ መቅረቱ የተለመደ ስለነበር፣ ኤራቶስቴኔስ ከተለያዩ ወገኖች መማሩ በኋላ ለትችት ዳርጎታል። ጂኦግራፈሩ ስትራቦን ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሲጽፍ በዚሁ ነቅፎታል።

ወደ እስክንድርያ መጠራቱ

በ246 ዓክልበ. ፕቶሌማዮስ 3ኛ በግብፅ ነገሠ። ያገባት ንግሥት በረኒኬ የቀሬና ንጉሥ ልጅ ስለነበረች፣ ቀሬናና እስክንድርያ በአንድ ቤተ መንግሥት ሥር ዋሉ። ንጉሡ ኤራቶስቴኔስን ከአቴና አስጠራው። ከአፖሎኒዮስ ቀጥሎም የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ።

ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜው ከነበሩት ሁሉ ትልቁ የመጻሕፍት ስብስብ ነበር። በፕቶሌማዮስ 3ኛ ዘመን ወደ ወደቡ የሚገቡ መርከቦች የያዙት መጽሐፍ እየተወሰደ ይገለበጥ እንደነበርና፣ ለባለቤቱ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ግልባጩ እንደነበር ተጽፏል። በዚህ ምክንያት ኤራቶስቴኔስ የመንገደኞችን፣ የመርከበኞችንና የጦር አዛዦችን ማስታወሻ እንደ ልብ ማግኘት ቻለ። ራሱ ያላያቸውን አገሮች በካርታ ለማስቀመጥ የበቃው በዚህ ሀብት ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊነት ከቤተ መንግሥት መምህርነት ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ኤራቶስቴኔስ የልዑሉ አስተማሪም ሆነ። ያ ልጅ ከ221 ዓክልበ. ጀምሮ ፕቶሌማዮስ 4ኛ ተብሎ ነገሠ። ኤራቶስቴኔስ የዚሁ ንጉሥ ሚስት ስለሆነችው ስለ ንግሥት አርሲኖዬም መጽሐፍ ጽፏል።

በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ሁለት ቅጽል ስሞች አውጥተውለት ነበር። አንዱ ‹ቤታ› ሲሆን፣ ይህ የግሪክ ፊደል ሁለተኛው ሆሄ ነው፤ በሁሉም ሙያ ሁለተኛ እንጂ በአንዱም አንደኛ ያልወጣ ለማለት ነው። ሌላው አምስት ዓይነት ውድድር የሚወዳደረውን አትሌት የሚያመለክት ስም ነበር። እርሱ በበኩሉ ራሱን የቃልና የትምህርት ወዳጅ የሚል ትርጉም ባለው ‹ፊሎሎጎስ› በሚለው ስም ጠራ። በዚህ ስም ራሱን የጠራ የመጀመሪያው ሰው እንደሆነ ይነገራል።

በእጅ የሚሠራ ሒሳብ

በኤራቶስቴኔስ የሒሳብ ሥራዎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ጠባይ አለ፤ የረቀቀውን ጥያቄ በእጅ ተይዞ ወደሚሠራ ነገር ይለውጠዋል።

የመጀመሪያው ምሳሌ ‹የኤራቶስቴኔስ ወንፊት› የሚባለው ነው። ዘዴውን በእርሱ ስም መዝግቦ ያቆየው በ1ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የኖረው የጌራሳው ኒኮማኮስ ነው። ወንፊቱ ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር የማይካፈሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ለይቶ ያወጣል። ለምሳሌ ከ2 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች በተርታ ይጻፋሉ። 2 ይቀርና ብዜቶቹ ሁሉ ይሰረዛሉ፤ 3 ይቀርና ብዜቶቹ ይሰረዛሉ፤ በ5 እና በ7 እንዲሁ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ሳይሰረዙ የቀሩት 25 ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እስከ 100 ድረስ ከ7 ማለፍ የማያስፈልገው፣ ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር 11 በራሱ ሲባዛ 121 ስለሚሆንና ከ100 ስለሚያልፍ ነው።

ሁለተኛው ኪዩብን የማጠፍ ጥያቄ ነው። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሳጥን የሚይዘውን እጥፍ የሚይዝ ሳጥን ለመሥራት ጎኑን 2 ሜትር ማድረግ አይሠራም፤ እንዲህ ያለው ሳጥን ስምንት እጥፍ ይይዛል። የሚፈለገው ጎን ወደ 1.26 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ በትክክል ሊገኝ አይችልም። ኤራቶስቴኔስ ለዚህ አንድ መሣሪያ ሠራ። በማዕቀፍ ውስጥ ባሉ ቦዮች እየተንሸራተቱ የሚደራረቡ ሦስት እኩል ሰሌዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹ በተገቢው ቦታ ሲገጣጠሙ የሚፈለገውን ርዝመት ያሳያሉ። መሣሪያውን በነሐስ አሠርቶ ለንጉሡ ክብር ባቆመው ዓምድ ላይ አስገጠመው፤ ከሥሩም አሠራሩን የሚገልጽ ግጥም አስቀረጸ። ጥቅሙ ለእህልና ለፈሳሽ መስፈሪያዎች እንዲሁም ለድንጋይ መወርወሪያ የጦር መሣሪያዎች እንደሆነም አስረድቷል።

የዘመኑ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ የነበረው የሰራኩሱ አርኪሜዴስ ከኤራቶስቴኔስ ጋር ይጻጻፍ ነበር። አርኪሜዴስ ቅርጾችን በሐሳብ ሚዛን ላይ እየመዘነ ስፋታቸውንና ይዘታቸውን የሚያገኝበትን ምስጢር የገለጸው ለኤራቶስቴኔስ በላከው ጽሑፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ዮሐን ሉድቪግ ሃይበርግ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ በተጻፈበት ብራና ላይ አገኘው። በዚህም በቅጽል ስሙ ሁለተኛ የተባለው ሰው በአርኪሜዴስ ዘንድ እንዲህ ያለ ምስጢር የሚነገረው ሊቅ እንደነበር ታወቀ።

ምድርን መለካት

ምድር ክብ እንደሆነች የሚለው ሐሳብ ከኤራቶስቴኔስ በፊት በግሪክ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር። አሪስጣጣሊስ በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ የምድር ጥላ ክብ ሆኖ መታየቱን እንደ ማስረጃ አቅርቦ ነበር። መልስ ያላገኘው ጥያቄ መጠኗ ምን ያህል ነው የሚለው ነበር።

የኤራቶስቴኔስን ስሌት በዝርዝር ጽፎ ያቆየው ክሌኦሜዴስ የተባለ ጸሐፊ ነው። በደቡብ ግብፅ በምትገኘው በስዬኔ፣ ማለትም በዛሬዋ አስዋን፣ በበጋ ረጅሙ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ስለምትሆን ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ጥላ አይኖረውም። በዚያው ቀንና ሰዓት በእስክንድርያ ጥላ አለ። ኤራቶስቴኔስ ጥላውን የለካው መካከሉ ላይ መርፌ በተተከለበት ጎድጓዳ የፀሐይ ሰዓት ሲሆን፣ የጥላው ማዕዘን የሙሉ ክብ 1/50ኛ ሆነ። ይህ በዛሬው አቆጣጠር 7.2 ዲግሪ ነው።

ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ጨረሮቿ ወደ ሁለቱም ከተሞች ትይዩ ሆነው ይደርሳሉ ብሎ ተነሣ። እንዲህ ከሆነ የጥላው ማዕዘን ከሁለቱ ከተሞች ወደ ምድር መካከል በሚወርዱ መስመሮች መሃል ካለው ማዕዘን ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ከስዬኔ እስከ እስክንድርያ ያለው መንገድ ከምድር ዙሪያ 1/50ኛ ይሆናል። ርቀቱ 5,000 ስታዲዮን ተብሎ ስለተያዘ፣ በ50 ሲባዛ 250,000 ስታዲዮን ሆነ። ኋላ ለክፍፍል እንዲመች 252,000 ተደረገ፤ ይህም ለእያንዳንዱ ዲግሪ 700 ስታዲዮን ያደርሳል።

ስታዲዮን በየቦታው የተለያየ ርዝመት ስለነበረው ውጤቱን ወደ ኪሎ ሜትር መለወጥ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። አንድ ስታዲዮን 157.5 ሜትር ከተባለ ዙሪያው 39,690 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 185 ሜትር ከተባለ ደግሞ 46,620 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሰሜንና በደቡብ ዋልታዎች በኩል የሚያልፈው እውነተኛ ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በስሌቱ ውስጥ ትናንሽ ግድፈቶች ነበሩ። እስክንድርያ ከስዬኔ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ አይደለችም፤ ወደ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ስዬኔም ፀሐይ አናት ላይ ከምትደርስበት የመጨረሻ መስመር ጥቂት ወደ ሰሜን ትገኛለች። የዘዴው ጥንካሬ የሚታየው እነዚህ ስሕተቶች ውጤቱን ብዙ ሳያዛቡት መቅረታቸው ነው። በተለምዶ ታሪኩ ሲነገር ፀሐይ እስከ ወለሉ የምታበራው የስዬኔ የውኃ ጉድጓድ ይጠቀሳል። ጉድጓዱን የሚያነሱት ስትራቦንና ሮማዊው ፕሊኒ ናቸው፤ በክሌኦሜዴስ ዘገባ ውስጥ ግን የሚገኘው የፀሐይ ሰዓት ነው።

ናይል፣ መርዌና የካርታው ጠርዝ

ኤራቶስቴኔስ ‹ጂኦግራፊካ› የተባለ ባለ ሦስት መጽሐፍ ሥራ ጽፏል። የታወቀውን ዓለም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብና ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጉ መስመሮች ከፋፍሎ ከተሞችን በየመስመሩ አስቀመጠ። ከመስመሮቹ አንዱ በእስክንድርያ፣ በስዬኔና በመርዌ በኩል ያልፍ ነበር። መርዌ በዛሬይቱ ሱዳን የነበረች የኩሽ መንግሥት መዲና ስትሆን፣ ግሪኮች ያን አገር ኢትዮጵያ እያሉ ይጠሩት ነበር።

ከእርሱ በፊት ፊሎን የተባለ ሰው ወደዚያው አገር ተጉዞ የጉዞውን ታሪክ ጽፎ ነበር። ፊሎን በመርዌ ፀሐይ ከበጋው ረጅም ቀን 45 ቀን ቀደም ብላ አናት ላይ እንደምትደርስ መዝገቧል፤ የእንጨትን ቁመትና የጥላውን ርዝመትም አነጻጽሯል። ስትራቦን እንደሚለው የኤራቶስቴኔስ ቁጥሮች ከፊሎን ጋር በእጅጉ ይስማሙ ነበር። በመርዌ የቀትር ጥላ በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህ ለአቴና ሰው እንግዳ፣ በሐሩር መስመሮች መካከል ለሚኖር ሰው ግን የታወቀ ነገር ነው።

ኤራቶስቴኔስ ወደ ናይል ስለሚገቡት ወንዞችም ጽፏል። አስታቦራስ ያለው የዛሬው አትባራ ሲሆን፣ ተከዜ የሚፈስሰው ወደዚሁ ወንዝ ነው። አስታፑስ ያለው ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ከዓባይ ጋር የሚያዛምዱት ነው። የናይል የበጋ ሙላት ምክንያቱ በላይኛው አገር የሚዘንበው ዝናም እንደሆነ፣ ወደ ምንጮቹ የደረሱ ሰዎች ዝናሙን ስላዩት ነገሩ ከእንግዲህ ሊያከራክር እንደማይገባ ማስረዳቱ ይነገራል።

የካርታው ደቡባዊ ዳርቻ ‹ቀረፋ አብቃይ ምድር› የተባለው፣ ከአፍሪቃ ቀንድ ጋር የሚዛመደው አገር ነበር። ይህን ዳርቻ ከመርዌ 3,400 ስታዲዮን ወደ ደቡብ አስቀመጠው። በራሱ ስሌት ሲታሰብ መስመሩ ወደ 12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ይውላል። ከዚያ በታች ያለውን ሰው የማይኖርበት ምድር አድርጎ ነበር የቆጠረው። ነገሌ ቦረና በ5 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዚህ ዳርቻ ብዙ ወደ ደቡብ ትወድቃለች።

የዘመን አቆጣጠርና ሌሎች ሥራዎች

ኤራቶስቴኔስ የግሪክን ታሪክ በተከታታይ ዓመታት ለማስቀመጥ የሞከረ ሥራም ትቷል። የኦሎምፒክ አሸናፊዎችን መዝገብ እንደ መለኪያ ተጠቅሞ የትሮይን መውደቅ በ1184/1183 ዓክልበ. አስቀመጠ። ስለ ጥንቱ ኮሜዲ 12 መጻሕፍት፣ እንዲሁም ‹ሄርሜስ› እና ‹ኤሪጎኔ› የተባሉ ግጥሞች ጽፏል። የከዋክብትን ስብስቦች ተረት የያዘ አንድ መጽሐፍ በስሙ ይጠራል፤ የደረሰን ግን የኋላ ዘመን አሕጽሮት ነው።

እርሱ በእስክንድርያ ሳለ፣ በ238 ዓክልበ. የግብፅ ካህናት በካኖጶስ ተሰብስበው በየአራት ዓመቱ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ወሰኑ። ውሳኔው በጊዜው በሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ ኋላ በሮማውያን ዘመን ጸና። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜንን 6 ቀን የሚያደርገው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኤራቶስቴኔስ የሦስት ነገሥታትን ዘመን አይቷል። በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ ታወረ። ጥላን በመመልከትና መጻሕፍትን በማንበብ ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ነበር። የኋላ ዘመን መዝገቦች እንደሚሉት ምግብ መብላት ትቶ በ194 ዓክልበ. ገደማ በእስክንድርያ ሞተ። ዕድሜው 80 ዓመት ያህል ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ የባይዛንጥዮኑ አሪስቶፋኔስ ተተካ።

ከሞተ በኋላ

የሥነ ፈለክ ሊቁ ሂፓርኮስ የኤራቶስቴኔስን ካርታ በጽኑ ተችቷል፤ ስትራቦንም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ከጠፉት መጻሕፍት ብዙው የተረፈው ተቺዎቹ ለመንቀፍ ሲሉ ከጠቀሱት ነው።

ከእርሱ በኋላ ፖሲዶኒዮስ፣ በስትራቦን ዘገባ መሠረት፣ የምድርን ዙሪያ ወደ 180,000 ስታዲዮን ዝቅ አደረገው። በ2ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. ቀላውዴዎስ ፕቶሌማዮስም ይህንኑ ትንሽ ቁጥር ተቀበለ፤ መጽሐፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለተነበበ ስሕተቱም አብሮ ኖረ። ክሪስቶፎር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደ ምዕራብ ሲነሣ እስያ ቅርብ የመሰለችው ምድር ከእውነተኛ መጠኗ ያነሰች ናት ብሎ ስላመነ ነው። በሌላ በኩል በ9ኛው መቶ ዘመን የባግዳዱ ኸሊፋ አል ማሙን ያሰማራቸው ሊቃውንት በሲንጃር ሜዳ የአንድ ዲግሪን ርዝመት በመሬት ላይ ለክተው፣ ቁጥርን ከመጽሐፍ ከመቀበል ይልቅ እንደገና መለካትን መርጠዋል። በጨረቃ ላይ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አንድ ጎድጓዳ ቦታ በኤራቶስቴኔስ ስም ይጠራል።

በትምህርት ቤቶች

የኤራቶስቴኔስ ልኬት በትምህርት ቤቶች መደገም በስፋት የተለመደው በቅርብ ዘመን ነው። በፈረንሳይ የሳይንስ ትምህርትን በእጅ ሥራ ለማስተማር እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ‹ላ ማን አ ላ ፓት› የተባለው ድርጅት ከ2000 ገደማ ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ተማሪዎች ጥላ ለክተው ቁጥራቸውን እንዲለዋወጡ ሲያደርግ ቆይቷል።

ጥላን መስፈር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት የቀኑን ሰዓት የራስን ጥላ በጫማ እየሰፈሩ መለየት የቆየ ልማድ ነው። በቦረና ደግሞ አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን እየተመለከቱ ወራትን ይቆጥራሉ። አቆጣጠሩ 12 የጨረቃ ወራትና 27 የቀን ስሞች ያሉት ሲሆን፣ አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተገልጿል። የነገሌ፣ የያቤሎና የሞያሌ ልጆች ሰማይን በመመልከት የሚገኝ ዕውቀት ባለበት አገር ያድጋሉ።

መላው ኢትዮጵያ በምድር ወገብና በሰሜኑ የሐሩር መስመር መካከል ስለሚገኝ፣ ፀሐይ በእያንዳንዱ ከተማ አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ታልፋለች። በነገሌ ቦረና ይህ የሚሆነው መጋቢት 24 ወይም 25 እና ጳጉሜን 3 ወይም 4 ቀን ነው። በሞያሌ መጋቢት 20 እና መስከረም 3 ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባሉት የክረምት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን ነው። ለነገሌ ልጅ ስዬኔ የራሱ ግቢ ናት ማለት ነው።

እስክንድርያን የምትተካው ከተማ መቀሌ ናት። መቀሌ በ13 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስትገኝ፣ ከነገሌ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናት ለማለት ይቻላል። የሁለቱ ከተሞች ቀትር የሚለያየው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ኤራቶስቴኔስ ከተጠቀመባቸው ከተሞች ይልቅ ለልኬቱ የተሻሉ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተቀጣጥረው በአንድ ቀን ሊለኩ ይችላሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ይተከላል። መሬቱ በውኃ ልክ፣ እንጨቱ በቱንቢ ይስተካከላል። ቀትር በነገሌ የሚውለው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን በመጋቢት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ በጳጉሜን ደግሞ 6 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ በጠጠር ምልክት ይደረግበታልና አጭሩ ጥላ ይወሰዳል። ልጆቹ የሚያዩት ጥላውን ብቻ ነው፤ ፀሐይን በዓይን በቀጥታ መመልከት ለዓይን አደገኛ ነው።

በነገሌ ጥላው ከእንጨቱ ሥር ሲጠፋ በመቀሌ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ጥላ ከ1 ሜትር እንጨት ጋር በወረቀት ላይ በልኬት ተሥሎ በፕሮትራክተር ሲለካ ወደ 8.2 ዲግሪ ይሰጣል። 360 ለ8.2 ሲካፈል 44 ገደማ ነው። በካርታ ላይ በቀጥታ የሚለካው የሁለቱ ከተሞች ርቀት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 44 በ900 ሲባዛ 39,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከእውነተኛው ዙሪያ የሚለየው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የመኪና መንገድ ርቀት ከተወሰደ ግን መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ውጤቱ ከልክ ያልፋል።

ስሕተቱን መመርመር የትምህርቱ ክፍል ነው። የፀሐይ ገጽ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላለው የጥላው ጫፍ ይደበዝዛል፤ በ1 ሜትር እንጨት ላይ ድብዝዙ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ቀኑ በአንድ ቢዛነፍ ጥላው የሚለወጠው በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመጋቢት የቦረና ዋና ዝናም ስለሚገባ ደመና ሊጋርድ ይችላል፤ በጳጉሜን ደግሞ በመቀሌ የክረምቱ ደመና አይጠፋም። ስለዚህ ለብዙ ቀናት መለካት ይመረጣል። ጥላ በሁለቱም ከተሞች ባለበት ቀን ቢለካም ዘዴው ይሠራል፤ ሁለቱ ጥላዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከወደቁ ማዕዘኖቹ ይቀናነሳሉ፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከወደቁ ይደመራሉ።

ለትናንሽ ልጆች ከልኬቱ በፊት በብርቱካን ወይም በጭቃ ኳስ ማሳየት ይቻላል። ሁለት እኩል የግራር እሾሆች ተራርቀው ይሰኩበትና ፀሐይ ላይ ይያዛል። አንዱ እሾህ ጥላ እስኪያጣ ድረስ ኳሱ ሲዞር ሌላው ጥላ ይኖረዋል። በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ የተተከሉ ሁለት ሚስማሮች ግን ሁልጊዜ እኩል ጥላ ይጥላሉ። በዚህ ልዩነት ሕፃናቱ የምድርን ክብነት ከመስማት አልፈው ያዩታል። የስዬኔው ጉድጓድ ታሪክም በቦረና በቀላሉ ይገባል፤ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ሰዎች በተርታ ቆመው ውኃ እየተቀባበሉ የሚያወጡባቸው፣ የአካባቢው ልጆች የሚያውቋቸው ናቸው።

‹የምድር ልኬት› የተባለው የኤራቶስቴኔስ መጽሐፍ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ውስጡ የነበረው ዘዴ ግን እርሱ ሰው አይኖርበትም ብሎ በተወው በደቡቡ ምድር በሚገኝ በማንኛውም የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በአንድ ቀትር ሊሠራ ይችላል።